አባባ፣ ሳይሰኩት ያንብቡ

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣ ይህ ወረቀት በሰላም እጅዎ ይግባልኝ።

እንደምን ሰነበቱ? ትከሻዎስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይሰጥዎታል ወይስ አሁንም ትራስ ደራርበው ተቀምጠው ነው የሚያነጉት? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷን ይዟት የነበረው ነገር ለቀቃት? ታናሿ እህቴስ ከነልጇ ደህና ናት? አጎቴስ እንዴት ነው፤ ሱቁን ከእርስዎ ጋር ይከፍታል ወይስ እንደ ልማዱ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው ብቅ የሚለው? እኔ አለሁ። ተመስገን፣ ከነነፍሴ አለሁ። ይህን ለወጉ ያህል ያልኩት እንዳይመስልዎ፤ ለምን እንዳልኩት ወረድ ብለው ያገኙታል።

ደብዳቤው ካርቶኑ ውስጥ ከላይ የተቀመጠው ሆን ብዬ ነው። ከሥሩ ያለው የጠየቁኝ የፖሊሽ ማሽን ነው። በሞቴ፣ ማሽኑን ከማውጣትዎ በፊት ወንበር ስበው ይቀመጡና ይህን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። አጎቴ አጠገብዎ ቆሞ እስቲ አንዴ እንሞክረው እያለ እንደሚቁነጠነጥ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ውኃ አምጣልኝ ብለው ይላኩት።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ይሉ ይሆናል። አባባ፣ በስልክ እርስዎን ማን ችሎዎት ያውቃል? የሚያስጨንቅ ነገር ሲነሣ እሺ እሺ ይሉና ወዲያው ዝናቡ እንዴት ነው ይሉኛል። ደግሞ እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገብዎ ስለምታዳምጥ፣ ገና አንድ ቃል ሳልናገር ዋይ ዋይ ትላለች። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ ደግሞ ደጋግመው ያነቡታል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ቤት፣ እንደሚያውቁት፣ ያረጀ የእንጨት ዕቃ የሚታደስበት ነው። ጠረጴዛው፣ በሩ፣ ቁም ሳጥኑ ይመጣል፤ አናጺዎቹ ስብራቱን ይጠግናሉ፣ ቀቢዎቹ ቫርኒሽ ይቀቡታል፣ መጨረሻ ላይ እኔና ሽቦ የምንለው አንድ ቀጭን ባልደረባዬ በማሽን መስተዋት እስኪመስል እናሸዋለን። እኔም የእርስዎ ልጅ ነኝና፣ ከመጣሁ ጀምሮ የእጅ ጨርቄን ሳላስር እንጨት ፊት ቆሜ አላውቅም። ከአሮጌ አንሶላ ቀድጄ፣ በግራ አንጓዬ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ፣ ስንዝር ያህል ጫፍ አንጠልጥዬ፣ ልክ እርስዎ እንዳስተማሩኝ። ላብ ቫርኒሹ ላይ ጠብ ካለ ነጭ ምልክት ጥሎ እንደሚቀር፣ የተንጠለጠለችው ጫፍ ደግሞ ለጥርጊያ እንደምትመች የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። በእኛ ቤት ያለ ጨርቅ መሥራት ራቁት እንደ መውጣት ነው። አጎቴ እንኳ፣ ሥራው ባይሆንለትም፣ ጨርቋን ለማማር ያስራታል።

የእኛ ፎርማን ሴት ናት። ጠንቃቃ ናት ብልዎ ቃሉ ያንስባታል። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ፣ ፀጉሩን ያላሰረውን ትመልሳለች፣ ቀለበት ያደረገውን ታስወልቃለች፣ ሰፊ እጅጌ የለበሰውን ቀይር ትለዋለች። የእኔን ጨርቅ ግን አይታ ዝም ትል ነበር። አንዳንዴ ብቻ እጅሽ እንዴት ነው ትለኛለች። እኔም ሥራው አድክሞሽ እንደሆነ ብላ መስሎኝ፣ ደህና ነው፣ ለምጄዋለሁ እላታለሁ። ለካ ሴትዮዋ የቁስል ፋሻ መስሏት ኖሯል! የማይድን ነገር ይዟት ነው ብላ አዝናልኝ፣ በሰው ፊት ፍቺው ብላ ላታሳፍረኝ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እያየች አልፋኛለች። በዓለም ላይ ፎርማን ሠራተኛዋን አክብራ ጉድ ልትሠራት የደረሰችው እኛ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ረጅም የስብሰባ ጠረጴዛ ደርሶኝ ነበር። ባለቤቶቹ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ ተብሎ ጥድፊያ ላይ ነበርን። ማሽኑ ማብሪያው በጣት ተጭነው የሚይዙት ነው፤ ጣትዎን ሲያነሡ ይቆማል። ግን ከጎኑ አንዲት ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች፤ እሷን ከጫኑ ማሽኑ ይቆለፍና ጣትዎ ቢነሣም መሽከርከሩን ይቀጥላል። ጣቴ ስለደከመኝ ቀይዋን ጫንኳት። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው መሐል ለመድረስ ጎንበስ ስል፣ የተንጠለጠለችው የጨርቋ ጫፍ ወደ ማሽኑ ወረደች።

አባባ፣ ጨርቋ ተያዘች ብዬ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ከሥሩ የሚሽከረከረው፣ እንጨቱን የሚያሸው ለስላሳ ክብ እንደ እንዝርት ጠመጠማት፤ ሁለቱ ዙር ክርር ብለው አንጓዬ ላይ ገቡ፤ ማሽኑ ከጠረጴዛው ተነሥቶ በክንዴ ላይ ወጣ። በድንጋጤ ለቀቅሁት። ለቅቄውም አልቆመም። ቀይዋን ቁልፍ መጫኔ ጭራሽ ከአእምሮዬ ጠፍቶ፣ ለምን አይቆምም ለምን አይቆምም እያልኩ እጮህ ነበር አሉ፤ እኔ መጮኼን አላስታውስም። የማስታውሰው ጣቶቼ ወደ ማሽኑ አንድ በአንድ ሲጎተቱ ማየቴን ነው። ማየት ብቻ ነበር፤ ሕመሙ ገና አልደረሰም ነበር።

ሽቦ ማሽኑን ሊይዝልኝ ዘሎ መጣ። ፎርማኗ በትከሻዋ ገፍትራ ጣለችውና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ሮጣ ሶኬቱን ነቀለችው። ያኔ ቆመ። በኋላ ሽቦ ተቀይሞ ለምን ገፋሽኝ ሲላት፣ የሚሽከረከር ማሽን የሚይዝ ሰው ሁለተኛ ቁስለኛ ነው፣ መጀመሪያ መብራቱ ነው የሚቆረጠው አለችው። ይህን እባክዎን ለአጎቴ ይንገሩት። ልቡ ቸር ስለሆነ ዘሎ ማሽኑን የሚይዘው እሱ ነው።

ጨርቋን በመቀስ ቆርጠው አወጧት። ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ አጥንት አልተሰበረም ብሎኛል። ሁለት ጣቶቼ እንደ ሙዝ አብጠዋል፣ አንጓዬ ዙሪያውን ተልጧል፣ ጅማቱ ተስቧል፤ ይድናል፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው ብሎኛል። ስለዚህ ስለ እኔ አይጨነቁ፤ እውነቱን ነው የጻፍኩልዎ፣ የደበቅሁት የለም። ለእማዬ ሲነግሯት ግን እጇን ጫር አደረጋት ብለው ያሳጥሩት።

እኔን ያስፈራኝ የእኔ እጅ አይደለም። ፎርማኗ ተንበርክካ ጨርቋን ስትቆርጥ፣ ያቺ ከአንሶላ የተቀደደች ነጭ ነገር ቋጠሮዋ የእርስዎ ቋጠሮ ነበር። እጄን ሳየው የእርስዎን እጅ ነው ያየሁት። ማሽንዎ በዚያው ሰዓት ወደ እናንተ ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር ቤት በካርቶን ታሽጎ መንገድ እየጠበቀ ነበር። ሄዶ ሊደርስ፣ እርስዎም በደስታ ጨርቅዎን ጠበቅ አድርገው አስረው ሊሰኩት። በኋላ ሐኪሙ ያመመኝ መስሎት ማስታገሻ ሰጠኝ፤ እኔ ግን የማለቅሰው ካርቶኑን እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽን በሚሠራበት አጠገብ አላልፍም፣ ዞሬ ነው የምሄደው። ዛሬ ጠዋት ፎርማኗ ያልተሰካ ማሽን አምጥታ ያዢው፣ ፍርሃቱ ሳይጠና ልመጂው ብላ ሰጠችኝ። ያልተሰካ መሆኑን ዓይኔ እያየ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ከልጅነትሽ ፈሪ ነሽ ይሉኝ የለ? አዎ፣ ፈርቻለሁ። ግን ይህን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

የሚሉኝን አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ ጨርቄ ምን አደረገችኝ ይላሉ። እውነትዎን ነው፣ ምንም አላደረገችዎትም። ያን ጊዜ ግን የሚሽከረከረው የእርስዎ ክንድ ነበር። ጨርቋ ብትያዝ ክንድዎ ያውቃል፣ ይቆማል። ይህ ማሽን አያውቅም አባባ። የማን እጅ እንደሆነ አይለይም። ላቡ ካስቸገረዎት አንጓዎ ላይ ሳይሆን ግንባርዎ ላይ ጠባብ መቀነት ይሰሩና ጫፉን ወደ ውስጥ ይክተቱት፤ ወይም ቆም እያሉ ይጥረጉት። ማረፉ ለትከሻዎም ይበጃል።

እንግዲህ ማሽኑ ጠላት ብቻ ነው እንዳልልዎ፣ በወጉ ለያዘው ሥራው ያስደንቃል፤ ትከሻዎን የሚያሳርፍልዎ እሱ ነው። ለዚህም ነው የላክሁልዎ። ልጅ አባቷን ስታስተምር ያስቃል፣ ግን ይታገሡኝ። መጀመሪያ ቫርኒሹ ውስጡ ድረስ መድረቁን ከጠረጴዛው ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በጥፍርዎ ጫን ብለው ይዩት። ጥፍርዎ ምልክት ከጣለ ገና ነው፤ ማሽኑ ሙቀት ስላለው ያልደረቀውን ያንከባልለዋል። ከዚያ አቧራውን አንድ ፍሬ ሳይቀር ይጥረጉ። እርስዎ በእጅ ሲያሹ የአሸዋ ፍሬ ብትኖር ጣትዎ ይነግርዎታል፤ በማሽን ግን የሚያዩት ጠረጴዛው ላይ ክብ ክብ ጭረት ከተሣለ በኋላ ነው።

የማብረቂያውን ቅባት ጥቂት ጥቂት አድርገው እንጨቱ ላይ ነካ ነካ ያድርጉ፣ ማሽኑን አስቀምጠው ለስላሳው ክብ ሙሉ በሙሉ እንጨቱን ከነካ በኋላ ብቻ ማብሪያውን ይጫኑ። በአየር ላይ ካስነሡት ቅባቱ ግድግዳው ላይም እርስዎ ፊት ላይም ይረጫል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጣሪያውን ሳይቀር ቀብቼው፣ ሽቦ እስከ ዛሬ ቀቢዋ ይለኛል። ፍጥነቱ በቁጥር ነው፤ ከአንድ ጀምረው ቅባቱን ያዳርሱ፣ ከዚያ ሦስት ላይ ያድርጉት። ከዚያ በላይ ለእንጨት አያስፈልግም፤ አጎቴ መጨረሻው ቁጥር ላይ እናድርገው ቢልዎ እምቢ ይበሉት። አይጫኑት፤ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። አንድ ቦታ ላይም አያቁሙት፤ አንዲት ትንፋሽ ያህል ከቆመ ቫርኒሹን ያቃጥለዋል፣ ሽታው ይመጣል፣ ሽታው ሲመጣ ደግሞ አልፏል።

ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይጠንቀቁልኝ። ክቡ ሲዞር ከእንጨቱ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ወገን ነው ጠርዙ ላይ የሚያደርጉት፤ ወደ ውስጥ የሚገባበት ወገን ጠርዝ ካገኘ ይነክሰውና ማሽኑን ከእጅዎ ይነጥቃል። ደግሞ ማዕዘኑን፣ ቅርጹን፣ የተጠረበውን ጌጥ ለማሽኑ አይስጡት። እሱ አሁንም የእርስዎ የእጅ ሥራ ነው፤ እዚህም በእጅ ነው የሚሠራው፤ እኛ ቤት ደግሞ እንደ እርስዎ የሚያሸው ሰው የለም።

ሁልጊዜ በሁለት እጅ ይያዙት፤ የጎን እጀታውን አይፍቱት። ገመዱን በትከሻዎ ላይ አሳልፈው ከጀርባዎ ያድርጉት፣ ከፊትዎ ካለ አንድ ቀን ይጠመጠማል። መነጽሩን አብሬ አስገብቻለሁ፣ የዓይን መነጽርዎን ሳያወልቁ ከላዩ ይደረጋል። የጋብቻ ቀለበትዎን እማዬ ትያዝልዎ፤ አትቀየምም፣ እኔ አስረዳታለሁ። ለስላሳውን ክብ ሲቀይሩ ሶኬቱን ነቅለው፣ የተነቀለውን ሶኬት በዓይንዎ አይተው ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርዎ። ቀይዋን ቁልፍ። ትከሻዎ ሲያምዎት፣ ጣትዎ ሲደክም፣ እንደ እኔው ሊጫኗት ያምርዎታል። እዚያ ሰፈራችን መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ያውቃሉ። ቀይዋ ተጭና ሳለ መብራቱ ቢጠፋ ማሽኑ ዝም ይላል፤ እርስዎም ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና እማዬ ጋ ሄደው ይጨዋወታሉ። ከዚያ መብራቱ ሲመጣ፣ ሰው ሳይነካው ብቻውን ይነሣል። እዚህ አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ፣ ማሽኑ ከጠረጴዛ ወርዶ ወለሉ ላይ ገመዱን እየጎተተ ሲዞር አይቻለሁ። ሱቁ በር ላይ የታናሿ ልጅ የምትጫወትበትን ቦታ ያስቡና እኔ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ይገባዎታል። ቁልፏን ጭራሽ እንዳትጫን በማጣበቂያ ሸፍኛታለሁ። እባክዎን አይላጡት። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ወሬው ይደርሳል።

ትናንት ሹፌሩ ቤት ሄጄ ነበር። ዕቃውን ሁሉ አሽጎ መኪናው ላይ ጭኖ ጨርሶ፣ ካርቶኑን አውርድልኝ ስለው ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ! ይቺ ልጅ ምን ነካት ብሎ ለሚስቱ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። እኔ ግን በአንድ እጄ ካርቶኑን ከፍቼ፣ ሚስቱ ማሽኑን ይዛልኝ፣ ለስላሳው ክብ የሚለጠፍበትን ሳህን ፈትቼ አወጣሁት። ስለዚህ አባባ፣ ካርቶኑን ሲከፍቱ ማሽኑ ጎደሎ ነው። ተሰርቆ አይደለም፣ ሹፌሩን እንዳይጠረጥሩት። ያለ ሳህኑ ቢሰኩት ከመጮህ በቀር ምንም አይሠራም።

እርስዎን ደግሞ አውቅዎታለሁ። ከጣውላ ክብ ቆርጬ እገጥምለታለሁ እንዳይሉ ብዬ፣ ማያያዣ ብሎኗንም አስቀርቻታለሁ።

ይህን ማድረጉ ከበደኝ፣ አልዋሽዎትም። በዕድሜዬ ሙሉ ከእኔ የጠየቁኝ ነገር ይህ ማሽን ብቻ ነው። ትከሻዎ እንዲህ ሆኖ፣ የትምህርት ቤቱ ወንበሮች ሥራ እጅዎ ላይ ተከምሮ፣ ልጄ ላከችልኝ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተው፣ ካርቶኑን ከፍተው ሲያዩት የሚሰማዎትን ሳስበው ሆዴ ይባባል። ግን አባባ፣ ያንን ጠምጥሞ የሚጎትት ነገር አይቼዋለሁ። ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስመው፣ እሷንም ራሷን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ታናሿን፣ የላክሁልሽ ጫማ ቢጠብሽ አትጣይው፣ እቀይረዋለሁ ብላለች ይበሉልኝ። ልጇን ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝና ሱቁ ውስጥ እንዳትገባ በሩ ላይ ጣውላ ያድርጉ። አጎቴን ናፍቃሃለች ይበሉት፤ የሶኬቱ አለቃ አንተ ነህ ብላሃለች ይበሉት። ማሽኑ በሠራ ቁጥር ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ እጁን ሶኬቱ ላይ ያድርግ፤ ሹመት ስለሚወድ እምቢ አይልም። ሽቦና ፎርማኗም ሳያውቁዎት ሰላም ብለውዎታል።

ሹፌሩ እዚያ አራት ቀን ያርፍና ይመለሳል። ጨርቄን ፈትቻለሁ፣ ያለሷ እሠራለሁ ብለው አንዲት መስመር ይላኩልኝ፤ ሳህኑንና ብሎኗን በቀጣዩ ጉዞ በእጁ እሰጠዋለሁ። ካልፈለጉ ደግሞ ይቆጡኝ፣ አይፃፉልኝ፣ ስልኬንም አያንሡ፣ ለሰው ሁሉ ያቺ ልጅ ደፈረችኝ ይበሉ። ሁለት እጁ ሙሉ የሆነ አባት ቢቆጣኝ እችለዋለሁ።

ሁልጊዜ የምትፈራልዎ ልጅዎ

ከዕድሳት ቤቱ የልብስ መቀየሪያ ክፍል፣
ዓርብ፣ የካቲት ፲፬ ቀን፣ በምሳ ዕረፍት